ግማሽ እንጀራ ከአንድ ትሪ

ዲበኩሉ ሰው ንቆት እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጠ፣ ዕድሜውን ከሞጆ ጂቡቲ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ፣ አሁን ጉልበቱ አልሸከም ብሎት አዳማ ቤቱ የዋለ ሰው ነው። ኬላ ላይ "አንተ ዞር በል" ያለውን ልጅ አይረሳም። የሚስቱ ወንድም ጫምሳ፣ ሠርግ ቤት፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ "ለዚህ ሰውዬ ለብቻው ገበታ አቅርቡለት" ብሎ ያሳቀበትንም አይረሳም። ይቅር በል ሲሉት "ብያለሁ" ይላል። አላለም።

ጉልበቱን ያየው ሐኪም ክብደት ቀንስ ብሎ ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያዋ ወደ ሶረቲ ላከው። እሷም ኃይል ሰጪ ምግብ ይቀንሱ አለችው።

"ኃይሌንማ ቀድሞም ወስደውታል" አላት።

"ኃይልዎን አይደለም ጋሼ፣ እንጀራውን፣ ዳቦውን፣ ድንቹን ነው። ለእርስዎ በአንድ ገበታ ግማሽ እንጀራ ይበቃል። ጎመኑንና እንቁላሉን ግን አይሰስቱ።"

በቀጠሮው ተመልሶ ሲመዘን ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም።

"ምን ያህል እየበሉ ነው?"

"ግማሽ። በእግዜር ስም።"

ሚስቱ ኤቢሴ አጠገቡ ነበረች። በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። "ጉርሻውስ?"

"ጉርሻ ደግሞ ምግብ ነው እንዴ?"

"ቆሎውስ?"

"ቆሎማ አፍ ማፍታቻ ነው።"

ሶረቲም ሳቋ መጣ። "ሁለቱም ይቆጠራሉ ጋሼ። ከአንድ ትሪ ሲበላ ደግሞ የማን ድርሻ የት እንዳለቀ አይታወቅም። ለብቻዎ በሳህን ቢቀርብልዎት ይሻላል።"

በማግስቱ ምሳ ላይ ኤቢሴ አዲስ ነጭ ሳህን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች። ግማሽ እንጀራ፣ ጎመን፣ እንቁላል። ለራሷ በትሪው አቀረበች።

"ይኸው የአንተ።"

ዲበኩሉ ሳህኑን አየ። ትሪውን አየ። ተነሥቶ በረንዳ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

ረሃብ ያናደደው መሰላት። "ማሎ ዲቤ፣ እባክህ፣ ይበርዳል፣ ናና ብላ።" አልነሣ ሲላት ወጥታ ጎኑ ተቀመጠች።

"ወንድምሽ ያለው ደረሰ" አለ። "ለብቻው አቅርቡለት አላለም?"

"የሱን አፍ ተወው።"

"የሱ ብቻ አይደለም።" ባጃጅ እስኪያልፍ ጠበቀ። "እናቴ ስትሞት አርሲ ነገሌ አክስቴ ጋ ወሰዱኝ። ልጆቿ ትሪ ከበው ይበላሉ፣ ለእኔ በቆርቆሮ ሳህን በር ጥግ ይቀርብልኛል። ምግቡስ አላነሰም፣ ሙሉ ነበር። ግን በር ጥግ። ካንቺ ጋር ከአንድ ትሪ የበላሁ ቀን ነው እኔም ቤት አለኝ ያልኩት።"

ይህን ሁሉ ዘመን አብረው ሲኖሩ አንድ ቀን አውርቷት አያውቅም። ኤቢሴ ተነሥታ ገባች። ስትጠራው ያልመጣው ሰውዬ ተከትሏት ገባ። ሳህኑን ትሪው ላይ ገለበጠችው። በእሱ በኩል ግማሽ እንጀራ፣ በእሷ በኩል አንድ ሙሉ፣ ወጡን መሃል።

"ድንበርህ ይቺ ናት። ካለፍካት ቀበሌ እከስሃለሁ።"

"ጉርሻስ?"

"የለም።"

"ጨካኝ" አለ፤ ግን ቀርቦ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ሱሪው ይሰፋው ጀመር። ጉልበቱም ደረጃውን ሲወጣ እንደ ድሮው አላንገላታውም። ክፋቱ ግን ዲበኩሉ የሚበላው እንደ ሾፌር ነው፣ ሞተር ሳይጠፋ በልቶ እንደሚነሣ። ግማሹን በጥቂት ጉርሻ ያጠፋትና እጁን ያነሣል። እሱ ሲያነሣ ኤቢሴም "በቃኝ" ብላ ታነሣለች። ባሏ ከተነሣበት ገበታ ሴት ብቻዋን አትበላም ተብላ ነው ያደገችው።

አንድ ቀን ከሰዓት ቀሚስ በመርፌ ስታጠብብ አገኛት።

"የማን ነው?"

"የእኔ። ሰፋብኝ።"

ድሮም ቀጭን ናት። ዲበኩሉ ከምሳ የተረፈውን ለማየት ሄዶ ትሪውን ከፈተው። ከእንጀራዋ የተቆረሰው ዳር ዳሩ ነው።

"ኤቢ፣ ለምንድነው የማትበዪው?"

"አንተ እጅህን አጥፈህ እያየኸኝ እንዴት ይወርድልኛል?"

የናቁትን ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው። ለእሱ ብሎ የተራበ ሰው ግን ቆጥሮ አያውቅም።

በማግስቱ ምሳ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቆረሰ፣ ጎመን ጠቀለለባት፣ ቀስ ብሎ አላመጣት። አዋሽ ድልድይ ላይ ግመል መንገድ የዘጋበትን ቀን ያወራላት ጀመር። ደግሞ ትንሽ ቆረሰ። ኤቢሴ እጇን ልታነሣ ስትል፣

"የት ልትሄጂ ነው? እኔ መች ጨረስኩ" አላት።

ቀና ብላ አየችው። ገባት። ፈገግ ብላ እንደገና ቆረሰች፣ ወሬውም ቀጠለ። ወጡ በረደ። ግመሉ ከድልድዩ አልነሣ ብሎ ቀረ። በእሷ በኩል ትሪው ላይ የተሣለው አበባ መታየት ሲጀምር፣ በእሱ በኩል አንዲት ቁራሽ ቀርታ ነበር። ዲበኩሉ እየራበው ጣቱን ከቁራሿ አጠገብ አሳርፎ፣ ሚስቱ እስክትጠግብ ይጠብቃት ነበር።