የቁጥር አንድ እናት

የክሊኒኩ ዘበኛ «የቁጥር አንድ እናት» ይላታል። ጎህ ሳይቀድ እየደረሰች የመጀመሪያውን ካርድ የምትወስደው እሷ ናት። ሰልፉ ከረዘመ መድኃኒት ያልቃል፣ ሐኪም ይሰለቻል፣ ልጄ እዚያው ትወድቅብኛለች ብላ ትፈራለች። ክፉ ክፉውን ማሰብ ልማዷ ነው።

በልጇ አባት በኩል የወረደ ሕመም አለ፤ እጅ የጨበጠውን ቶሎ አይለቅም። ሲሠራ ሲሠራ ግን ይላላል። ስለዚህ የቤቱ መድኃኒት አንድ ነበር፤ «እጅሽን አሠሪው፣ ይፈታል።» መምህርት የሆነችው ልጇ ምሳ ማላመጥ ሲያቅታት፣ ከሰዓት በኋላ ድምፅዋ ሲሰልል፣ እናት ያንኑ አለች።

«አላምጪ እንጂ! ጮክ ብለሽ አንብቢ!»

«እማዬ፣ ደከመኝ።»

«አባትሽም እንዲሁ ነበር የሚለው። ተነሽ፣ ሰነፍ!»

ሁለት ዓመት ሐኪም ያያት ጠዋት ጠዋት ነበር፤ ጠዋት ደግሞ ደህና ናት። ስትጠየቅም እናት ትቀድማታለች፤ «የአባቷ ነው ዶክተር፣ የዘር ነው።» በመጨረሻ ልጅቷ ማስተማሩን ተወች።

አንድ ቀን አውቶቡስ ተበላሽቶባቸው ከምሳ በኋላ ደረሱ።

«ዛሬስ ቁጥር አርባ ሰባት!» ብሎ ዘበኛው ሳቀ።

ተራቸው ሲደርስ መሽቶ ነበር፤ የልጅቷ አንድ ዓይን ግማሽ ድረስ ተከድኗል። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «እስኪ ጣሪያውን እዪ፣ እንዳትጨፍኚ።» የዓይኗ ቆብ ቀስ እያለ ወረደ። በጓንት የቋጠረችውን በረዶ ዓይኗ ላይ ጥቂት ብትይዝባት ዓይኑ ተገለጠ።

ደሟ ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ፣ «ሁለት ናቸው» አለች ሐኪሟ። «እጇ የአባቷ ነው። ይሄኛው ሌላ ነው፤ ጡንቻው በሠራ ቁጥር ይዝላል። መድኃኒት አለው፤ እረፍትም ይፈልጋል።»

«አንዱ አነሰንና?» አለች እናት። ቆይታ ደግሞ፣ «ማላመጡስ? ሳስገድዳት የከረምኩት?»

«አድክሟታል» አለች ሐኪሟ።

ያን ሁሉ ክፉ ስታስብ ኖራ፣ ሁለት ሊሆን ይችላል ብላ አንድ ቀን እንኳ አላሰበችም።

በወሩ ልጅቷ ምሳዋን ጨረሰች። ትምህርት ቤቱ ግን በቦታዋ ሌላ ሰው ቀጥሯል። ለቀጠሮው ከሰዓት ሄዱ። ልጅቷ «እንዴት ነሽ?» ስትባል እናት አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

«ደህና ነኝ» አለች ልጅቷ፣ በጠራ ድምፅ።

ሲወጡ የእናቷን እጅ ያዘች፤ ጣቶቿም እንደ ልማዳቸው አልለቅ አሉ። እናት እስኪፈቱ ቆመች።

«አሠሪው በዪ እንጂ እማዬ፣ ለእጄ እንኳ ልክ ነበርሽ» ብላ ልጅቷ ሳቀች።

እናት ግን ቃሉን ሳትደግም የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ ፈታች።