ሰባተኛው ወንበር

ዴልበርት ክራውዝ መኪናውን የባላንጣው ዶሮ ቤት ወረፋ ውስጥ ሲያስገባ ግማሹ ኦሃዮ ያየው መሰለውና ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አወረደ። ምን ዋጋ አለው! የአሥራ አንድ በርገር ቤቶች መሥራች ነው፤ ፊቱ በየአውራ ጎዳናው ዳር ቤት በሚያክል ሰሌዳ ላይ ተሰቅሏል። በዚያ አገር እሱን አይታ የማትሸሽ ላም የለችም።

ለምሽቱ አንድ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። አንድ ሰዓት ላይ ሰባት አባላት ወንበራቸው ላይ ካልተገኙ የፋኖስ ወንድማማቾች ማኅበር ይዘጋል፤ ይህን የሚል ደብዳቤ ከማኅበሩ የበላይ ጽሕፈት ቤት መጥቷል። ድሮ ሁለት መቶ ሰው ይጋፋበት በነበረው አዳራሽ ዛሬ የቀረው ስድስት ሽማግሌ ነው፣ ዴልበርትን ጨምሮ። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ በሳምንት አንዴ ስሙን ጠርቶ "ፋኖስህ በርቷል ወይ?" የሚለው ሰው የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው።

ሰባተኛው የዚህ ዶሮ ቤት ባለቤት ቬርነን ፒኬት ነበር። በአዳራሹ ንግድ ማንሳት ክልክል ስለሆነ፣ ሁለቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደጅ ሲሻኮቱ ውለው ውስጥ ሲገቡ "ወንድሜ" ይባባሉ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የቬርነን ሚስት ዶሪን በተቀበረችበት ዕለት ግን፣ ቬርነን ራሱ የጠበሰው ዶሮ እዚያው አዳራሽ ሲቀርብ ዴልበርት ሰው ላስቅ ብሎ፣ "ይሄ ዶሮ ሁለቴ ነው የሞተው" አለ። ማንም አልሳቀም። ቬርነን ከደረቱ ላይ የማኅበሩን ዓርማ ነቅሎ ሳህኑ ላይ አስቀመጠና ወጣ።

መኪና ውስጥ ሆነው ምግብ የሚያዙበት የድምፅ ሳጥን ተንኮሻኮሸ።

"ፒኬት ዶሮ ነው፤ ምን ልታዘዝ?"

ድምፁ የራሱ የቬርነን ነው።

"ሰው ፈልጌ ነበር" አለ ዴልበርት።

"ሰው አንሸጥም። ጭንና ክንፍ አለን።"

"ቬርነን፣ ሰባተኛ ሰው ጎደለን።"

"ለቁጥር ነዋ የፈለግኸኝ።"

በአንድ ቁጭታ ሺህ ሰው ያስቃል የሚባለው ዴልበርት ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን የምግብ ዝርዝር ያነብ ጀመር።

"ጭን" አለ በመጨረሻ። "ሁለት።"

"ወደ መስኮቱ ቀጥል።"

ቬርነን መስኮቱ ላይ በነጭ ሽርጥ ብቻውን ቆሞ ነበር። ከስቷል። ትኩሱን ከረጢት አቀበለውና ዴልበርት ሊከፍል የዘረጋውን ብር በእጁ ገፍቶ መለሰለት።

"ያን ዕለት ዶሮውን አልቀመስኩትም ነበር" አለ ዴልበርት።

"አውቃለሁ። እያየሁህ ነበር።" ቬርነን መስኮቱን በጨርቅ ወለወለ፤ ንጹሕ ነበር። "ቅመሙ የዶሪን ነው። እኔ መጥበስ ብቻ ነው የማውቀው።"

ቬርነን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ።

"አምስት ደቂቃ ቀረህ። አሁን ብትነሳ ትደርሳለህ።"

"አንተስ?"

"እኔ ዘይት እሳት ላይ ጥጃለሁ።"

ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባውን ነፋ። ከመንገዱ ማዶ የአዳራሹ መስኮቶች በርተዋል፤ አምስት ሽማግሌዎች በሩን በሩን እያዩ ይሆናል። ዴልበርት ለረጅም ጊዜ ወደዚያ ተመለከተ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ፤ ኮፍያውን አውልቆ ጎኑ አስቀመጠና ጭኑን ሊቀምስ የከረጢቱን አፍ ፈታ።