የላላው ብሎን

«አልሰማሁም» አለች እናቱ። ለስንተኛ ጊዜ እንደተናገረችው አናጺው መቁጠር ትቷል። «ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው፤ አልጋው ያው አልጋ። ጆሮዬ ነው የከዳኝ።»

አሁን የገባችው ባለሱቅ ጎረቤታቸው አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘች። «እትዬ፣ እባክዎ እንዲህ አይበሉ። የመጣን ነገር ማን ይከለክለዋል?»

«እኔ! እኔ ነኛ የምከለክለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስከለክል አልኖርኩም?»

አናጺው የሻይ ብርጭቆ የደረደረበትን ትሪ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። እህቱ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀን ነው። አንዱ ክፍል ከየጎረቤቱ በተዋሱት ወንበር ተጨናንቋል፤ የእሷ ክፍል በር ግን ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አልተከፈተም። ጥግ ላይ ጡረተኛው ሹፌር አፉን በመሀረብ ሸፍኖ ያለቅሳል። የላይኛውን ጥርሱን የሠራችለት ሟቿ ናት።

«እሷ የሠራችው ጥርስ እኔ አፍ ውስጥ ተቀምጦ» አለ ከመሀረቡ ሥር፣ «እሷ አፈር ትግባ? እኔን ሰባ ስድስት ዓመት የሞላኝን ትቶ?»

«ሻይ ውሰድ፣ ጋሼ» አለው አናጺው።

«ሻዩስ በማን ጥርስ ሊጠጣ ነው!» አለና ራሱ ባለው ነገር ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው አፍሮ ቀና ብሎ እናትየውን አያት። እሷ አልሰማችውም።

የሚጥል ሕመም እህቱን የጀመራት በአሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ቀን ነክቷት አያውቅም። እንቅልፍ ሲወስዳት ብቻ ይነሳባትና መላ አካላቷን ያርገፈግፈዋል። ጠዋት የተነከሰ ምላስና የዛለ ትከሻ ይዛ ትነቃለች እንጂ ምንም አታስታውስም። እናቷ የምታውቀው በአልጋው ነበር። የአንደኛው እግሩ ብሎን ስለላላ፣ ልጅቷ ስትንቀጠቀጥ ራስጌው ከግድግዳው ይጋጫል፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እናቷ በወዲያኛው ክፍል ድምፁን ሰምታ በባዶ እግሯ ትሮጣለች። በጎኗ ታስተኛታለች፣ ትራሱን ከፊቷ ታርቃለች፣ እስኪያልፍላት ጀርባዋን ይዛ ትቀመጣለች። ነገሩን ማንም አስቦ አላደረገውም። አልጋው ተበላሸ፣ ብልሽቱ ጠቀመ፣ በዚያው ተተወ።

ካደገች በኋላ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ቤት ገባች። ከመላው ሠራተኛ እንደ እሷ እጁ የማይንቀጠቀጥ አልነበረም። «ቀን የሰው ጥርስ ስሠራ እውላለሁ፣ ሌሊት በራሴ ጥርስ ምላሴን እበላለሁ» እያለች ትስቅ ነበር።

ከመሞቷ አሥራ አንድ ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ዕለት ከራሱ ቤት ሊጠይቃቸው መጥቶ፣ እናታቸው ገበያ ወጥታ ሳለ፣ እህቱ ወደ ክፍሏ ጠራችው።

«ይህን አልጋ አጥብቅልኝ።»

«አብደሻል እንዴ እታለም?»

«ስገላበጥ ሁሉ ይንኳኳል። እማዬ በሌሊት አራት ጊዜ ትነሳለች። የደም ግፊቷ ስንት እንደደረሰ ታውቃለህ? እኔ ከተነሳብኝ አምስት ወር ሆነኝ።»

«ቢነሳብሽስ?»

«ታዲያ ክኒኑን ለጌጥ ነው የምውጠው? እሷም እንደ ሰው ትተኛ። ደግሞ የአናጺ እህት በሚወዛወዝ አልጋ ላይ ተኝታ አታፍርም?» አለችና ትከሻውን ገፋ አደረገችው። «ለእማዬ እንዳትነግራት። ጤና ሆናለች ብላ ትረፍ።»

ያፍር ነበር፤ ለዓመታት አፍሮበታል። መፍቻውን አመጣ፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ ለሚነቃነቀው መጋጠሚያ ኮላ ጨመረ፣ ከእግሮቹ ሥር ላስቲክ አደረገ። ሲጨርስ ራስጌውን በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘው። ድምፅ የለም። ደስ አለው። አሁን አሁን የሚያንገበግበው ከሁሉ በላይ ያ ደስታ ነው፤ በዚያች ሰዓት አናጺነቱ ከወንድምነቱ ቀድሞ ነበር።

በሳምንቱ እናቱ ደወለችለት። «ልጄ ተሻላት መሰለኝ። እኔም እንቅልፍ እየወሰደኝ ነው። ስንት ዘመኔ!» ያኔ ሊነግራት ይችል ነበር። «እሰይ እማዬ» አላት። ብሎኑ በጠበቀ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ጠዋት ላይ፣ እናቱ ልትቀሰቅሳት ገብታ በግንባሯ ተደፍታ አገኘቻት።

ባለሱቋ ከሄደች በኋላ እናቱ በጣቷ ጠራችው። ጎንበስ አለላት።

«ነገ ሐኪም ቤት ውሰደኝ።»

«ምን ሆነሽ?»

«ጆሮዬን ይዩልኝ። ደንቁሬ ከሆነ ልወቀው። ካልደነቆርኩ ግን...» ሳትጨርሰው የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ካልደነቆረች የሚቀረውን ምክንያት ለብቻዋ ስታሰላስል መሰንበቷን ያን ጊዜ ተረዳ። ሰምታ ያልተነሳች መስሏታል።

ትሪውን ወንበር ላይ አስቀመጠና የተዘጋውን በር ከፍቶ ገባ።

መፍቻው እሱ ራሱ በተወው ቦታ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ነበር። ከራስጌው ኋላ ግድግዳው ልስኑ ተፍቆ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጉድጓድ ይዟል። ተንበርክኮ ላስቲኮቹን አወጣ፤ ኮላው የያዘውን መጋጠሚያ በጉልበት ሰነጠቀው፤ ብሎኑን አላላ። አልጋውን በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘው።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

በወዲያኛው ክፍል ወሬው ቀጥ አለ። አንድ ወንበር ወደቀ። እናቱ በባዶ እግሯ ሮጣ ገባች፤ ማን እንዳለ ሳታይ ቀጥ ብላ ወደ አልጋው ሄዳ ጎንበስ አለች፤ እጆቿ ባዶውን ትራስ አንስተው ወደ ጎን አደረጉት። ከዚያ ቆመች።

«ሰማሁት» አለች።

«ጆሮሽ ደህና ነው እማዬ።»

መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥላ መፍቻውን፣ ከዚያም ወለሉ ላይ የተበተኑትን ላስቲኮች አየች።

«አንተ ነህ?»

«እሷ ናት ያለችኝ» ሊል ነበር፤ ተወው። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያጠበቅኩት።»

ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ። ቢሆንለት ደስ ባለው። እናቱ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ዝግ ብላ ተቀመጠች።

«አሥራ አንድ ሌሊት» አለች። «አሥራ አንድ ሌሊት ሙሉ ተኛሁ።»

እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። በሁለቱ ክብደት አልጋው አዘነበለና ግድግዳውን መታ። እናቱ ፊቷን ሳትመልስ ክንዷን ወደ ኋላ ዘረጋች፤ መዳፏን በራስጌውና በተፋቀው ልስን መካከል አስገብታ፣ አልጋው እንዳይንኳኳ ያዘችው።