ለሸዋረጋ የተቀዳ ቢራ

መርዕድ ሂትሮው አየር ማረፊያ ሃያ ሁለት ዓመት የመንገደኛ ሻንጣ ሲፈትሽ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሰው የደበቀውን ነገር ሻንጣው ሳይከፈት ከፊቱ ላይ አነባለሁ እያለ ይኩራራ ነበር፤ ደግሞም ያነብ ነበር። ክፋቱ፣ ሌላውም ሰው ሁሉ እንደ እሱ ፊት የሚያነብ ይመስለዋል።

በዚያ ዓርብ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ኪልበርን ውስጥ ካለ አንድ የድሮ መጠጥ ቤት ደጅ ላይ ቆሞ የኮቱን ቁልፍ ይቆልፋል፣ መልሶ ይፈታል። ቤቱ በበርሜል ቢራው የታወቀ ነው። ጋዝ የማይነካው፣ ምድር ቤት ተኝቶ የሚበስል፣ በእጅ እየተሳበ የሚቀዳ ቢራ ነው። ለዚያ ሲሉ ከሌላ ሰፈር በባቡር የሚመጡ ሽማግሌዎች አሉ። መርዕድ የመጣው ግን ለቢራ አይደለም። በርሜሎቹን የሚጠብቀው ልጁ ጊዲዮን ነው፤ አባትና ልጅ ደግሞ ከተነጋገሩ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል።

ጊዲዮን የፋርማሲ ትምህርቱን አቋርጦ እዚህ ሲቀጠር፣ መርዕድ «እኔ የመጠጥ ቤት አሳላፊ አልወለድኩም! ሁለተኛ ይህን ደጅ እንዳትረግጥ!» ብሎ አባረረው። ልጁም የአባቱ ልጅ ነውና አልረገጠም። ኪልበርንና የአባቱ ቤት ያለበት ሃርልስደን በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።

አሁን ሸዋረጋ፣ የጊዲዮን እናት፣ ሆስፒታል ተኝታ እየሞተች ነው። ሐኪሙ ጠዋት «ዛሬ፣ ቢበዛ ነገ» ብሏቸዋል። ጊዲዮን አያውቅም።

እንዴት አያውቅም ብትሉ፣ እኛ ሐበሾች ነና! ሸዋረጋ በየሳምንቱ በስልክ ታወራዋለች፤ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና «ገበያ ወጥቼ ነው የሚጮኸው» ትለዋለች። ልጇን ብሩክታዊትን እንዳትነግረው በማርያም አስምላታለች። «ደንግጦ እንዲመጣ አልፈልግም። አባቱ ሄዶ ያምጣው። ታርቀው፣ አብረው ይግቡልኝ» ነው ያለችው። መርዕድም ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ ሲል ወሩ አለቀ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ብሩክታዊት በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጥግ አስያዘችው። «አባባ፣ ወይ ዛሬ ሄደህ ትነግረዋለህ፣ ወይ እኔ ቴክስት አደርግለታለሁ። ስትሬት ንገረው። እማዬ እየሞተች ነው፣ አሁን ና፣ በለው። በቃ!»

«የእናት ሞት በቴክስት ይነገራል?» አለና ኮቱን አነሣ።

በሩን ገፍቶ ሲገባ የብቅል ሽታ ተቀበለው። የሸዋረጋ እናት ጉለሌ ጠላ ሸጠው ነበር ያሳደጓት። መርዕድ ራሱ ሸዋረጋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት እዚያ ጠላ ቤት፣ ጣሳ ይዛ ስትቀዳ ነው። ይህን ረስቶ ነው ልጁን አሳላፊ ብሎ የሰደበው።

ጊዲዮን ሽርጥ ታጥቆ፣ እጁ ውሃ እያንጠባጠበ ከምድር ቤቱ ደረጃ ብቅ አለ። አባቱን ሲያይ ባለበት ቆመ።

«አባባ? ምን ሆናችሁ? ኢዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬይ?»

እንግዲህ በሩ ተከፍቶለት ነበር፤ መግባት ብቻ ነው የቀረው። መርዕድ ግን በመንገዱ ሁሉ ያሰበው ሌላ ነው። ክፉ ወሬ ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ «ትንሽ አሟታል»፣ ከዚያ «ጠንቶባታል»፣ ከዚያ «እስቲ አብረን ደርሰን እንያት»። ሰው ቆሞ፣ ሽርጥ እንደታጠቀ፣ በባዕድ ፊት አይነገረውም።

«ምንም አልሆንንም። ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለ።

የጊዲዮን ዓይን እንባ ሞላ። አንገቱን አቅፎ አልለቅ አለው። ሽማግሌ ሳይላክ፣ ማንም ሳይለምነው አባቱ በገዛ እግሩ መጣለት! መርዕድ ይህን ደስታ በመዳፉ ያዘው፤ ከያዘው በኋላ ደግሞ ሊያፈርሰው አቃተው። እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። የምመካበት መልስ የለኝም።

መስኮት አጠገብ ተቀመጡ።

«እማዬስ?»

«ትንሽ አሟታል።»

አገር ቤት ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ኮቱን ያነሣ ነበር። ሦስት ዓመት ያኮረፈ አባት መጠጥ ቤት ድረስ መጥቶ «ትንሽ አሟታል» ካለ፣ ነገሩ ትንሽ አይደለም። ጊዲዮን ግን እዚሁ ለንደን ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ ትንሽ ሲሉት ትንሽ ነው።

«ጉንፋን ነው? ባለፈው ስንደዋወል ድምጿ ደከም ብሎ ነበር።»

«አዎ፣ ደከም ብሏታል። ብትመጣ ደስ ይላታል።»

«ኦፍ ኮርስ እመጣለሁ! ዛሬና ነገ ሺፍት አለኝ፤ እሑድ ኦፍ ነኝ። እሑድ ጠዋት ብመጣስ? ወይስ አርጀንት ነው?»

መርዕድ አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። በዚያች ቅጽበት የቤቱ ባለቤት ሞሪን፣ ነጭ ፀጉር ያላት አየርላንዳዊት፣ ግማሽ ብርጭቆ ቢራ ይዛለት መጣችና እጁን ጨበጠችው። እንደ ልጅህ ያለ የበርሜል ጠባቂ በአርባ ዓመት አላየሁም አለችው። በእንግዳ ሴት ፊት፣ ልጁ በተመሰገነበት ሰዓት፣ እናትህ እየሞተች ነው ሊል ነው? ፈገግ አለላት፣ አመሰገናት። እስክትሄድም ጠበቀ። ስትሄድ ግን ያ ቃል ከምላሱ ወርዷል።

«አይ፣ አርጀንት እንኳን አይደለም» አለ። «ሲመችህ።»

ለራሱ ደግሞ፣ ብርጭቆው ሲያልቅ እነግረዋለሁ አለ። ብርጭቆው አለቀ። ጊዲዮን ምድር ቤቱን ላሳይህ አለው፤ እዚያ ሰው የለም፣ እዚያ እነግረዋለሁ ብሎ ተከተለው።

ምድር ቤቱ ቀዝቃዛ ነው። በርሜሎቹ በእንጨት ተደግፈው በጎናቸው ተኝተዋል። ጊዲዮን የእያንዳንዱን ታሪክ ያውቃል። ይህ ትናንት የመጣ ነው፤ ገና ድፍርስ ነው፤ አተላው እስኪሰክን መንካት አይቻልም። ይህ ደግሞ ዛሬ ጠርቷል። በላዩ ላይ ባለችው የእንጨት ውታፍ በኩል ይተነፍሳል፤ ጆሮ ሲያስጠጉ ይሰማል።

«ሕያው ነው እኮ፣ አባባ። ከተከፈተ ሦስት ቀን ነው የሚኖረው። ግን ከቸኮልክ አበላሸኸው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ መርዕድ።

ጊዲዮን ሳቀ። «እማዬ የምትለውን!»

መርዕድ ጆሮውን በርሜሉ ላይ አስጠግቶ ያን ትንፋሽ አዳመጠ። አሁን ልንገረው አለ። ቆይ፣ ይህን ብቻ ይጨርስ አለ። በሕይወቱ ልጁ ስለ ሥራው ሲያወራ ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ እንዲህ ያለ ዐዋቂ መሆኑንም አሁን ነው ያየው። እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ሸዋረጋን ረሳት። ይህንን ነው ኋላ ለራሱ ይቅር ሊለው ያልቻለው።

ወደ ላይ ተመልሰው እንደተቀመጡ፣ ጊዲዮን ደንበኞች ሊያስተናግድ ሄደ። ያኔ የመርዕድ ስልክ ጠራ። ብሩክታዊት ነበረች። «አባባ» አለች፣ ከዚያ ልቅሶዋ ብቻ ተሰማ።

መርዕድ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደገፈ።

«ነገርከው?» አለች በመጨረሻ።

«ቤት ነው የሚነገረው። ወገን ባለበት። እነአስካለማርያምን ጥሪ፣ ለኪዳነወልድ ደውዪ። እኔ ይዤው እመጣለሁ።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያ ምን ስታደርግ ነበር?» ብላ ጮኸች፤ ስልኩም ተዘጋ።

አሁን እንግዲህ ወሬው የሕመም ወሬ አይደለም። አሁን መርዶ ነው፤ መርዶ ደግሞ ሥርዓት አለው። አንድን ልጅ ብቻውን፣ በመጠጥ ቤት፣ የሚይዘው ሰው በሌለበት «እናትህ ሞተች» አይሉትም። መርዕድ ቅድም ሥርዓት ያልሆነውን ሥርዓት ብሎ ያዘ፣ አሁን ደግሞ ሥርዓቱ እውነተኛ ሆነና እሱን ያዘው።

ጊዲዮን ሲመለስ «ዛሬውኑ ብንሄድስ? እናትህ ዘንድ» አለው። ድምፁ እንዳይሰበር ዝግ አድርጎ ነው የተናገረው።

«ዛሬ? ሲመችህ አላልከኝም?»

«ሐሳቤን ቀየርኩ።»

ጊዲዮን አባቱን አየና ፈገግ አለ፤ ሽማግሌው እርቁን እስከ እሑድ መታገሥ አቅቶት መሰለው። ሞሪን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለቀቀችው። ከመውጣቱ በፊት አንድ ትልቅ ጠርሙስ አጠበና ከጠራው በርሜል፣ አረፋውን እያሳለፈ፣ እስከ አፉ ቀዳበት።

«ለእማዬ። የእናቷን ጠላ ያስታውሳታል። ግን ዛሬውኑ መጠጣት አለበት፤ ነገ አይደርስም።»

መርዕድ አንገቱን ነቀነቀ።

አውቶቡሱ ላይ ጊዲዮን ጠርሙሱን በሁለት እጁ ጭኑ ላይ ይዞ ተቀመጠ። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ከፍ ያደርገዋል፣ እንዳይናወጥ። ሃርልስደን ወርደውም «ቀስ እያልን እንሂድ፣ አባባ» አለው። ቀስ እያሉ ሄዱ። ከእንግዲህ የሚያስቸኩላቸው ነገር አልነበረም፤ ይህን ግን ከሁለቱ የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነው።

የቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ደጁ ላይ የዕድሩ ሊቀመንበር ኪዳነወልድ ጥቁር ኮት ለብሶ ቆሟል። መተላለፊያውን ጫማ ሞልቶታል፤ ከውስጥ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ይታያሉ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?» አለ ጊዲዮን።

አስካለማርያም፣ የሸዋረጋ የክርስትና እህት፣ አየችውና ደረቷን መታች። «ወይኔ ልጄን! ሳታይህ! ስምህን ስትጠራ!» ቤቱ በአንድ ጊዜ ጮኸ።

ጊዲዮን አላለቀሰም። ጠርሙሱን ደረቱ ላይ እንደያዘ «መቼ?» አለ።

«ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ» አለው ኪዳነወልድ፣ ትከሻውን ይዞ። «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ።»

ልጁ ሰዓቱን ወደ ለንደን አቆጣጠር መልሶ በልቡ አሰላ። ስሪ ሰርቲ። ከዚያ ወደ አባቱ ዞረ።

«ስሪ ሰርቲ ላይ እኮ በርሜል እያሳየሁህ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «አባባ፣ ስትመጣ ታውቅ ነበር?»

መርዕድ መልስ አላጣም። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው፤ እናትህ ናት እንዲህ ያለችው፤ ደስ ብሎህ ስላየሁህ ነው፤ አገሩ እንዲህ ነው። ሁሉም እውነት ነበር። ከሁሉም ግን ለልጁ የሚጠቅም አንድም አላገኘም።

«አውቅ ነበር» አለ።

ጊዲዮን ጎንበስ ብሎ ጠርሙሱን ከጫማዎቹ መካከል፣ እንዳይናወጥ ተጠንቅቆ፣ ወለሉ ላይ አኖረው። ከዚያ አባቱን ሳይነካው አልፎ ገባ።