የሥዕሉ ቀኝ ጥግ

ዐውደ ርዕዩ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሥራ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ቁርጥራጭ ወረቀት እየለጠፈች ኮላጅ የምትሠራው እህት፣ ሙጫ የሚያማስልላት ባሏ፣ እና በውሃ ቀለም ብቻ ስለሚሥል "ጠብታ" የሚሉት ታናሽ ወንድሟ።

ጠብታ ገና መግባቱ ነው። ዓይኑ በቀጥታ ጠረጴዛው ላይ ዐረፈ። እሱ የሣለው ሥዕል ሸራ ላይ ተለጥፏል። እናታቸው ታማ የከረመችበት ክፍል መስኮት ነው፤ እያስታመማት፣ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት የሣለው። አዘጋጆቹ "ሸራ ላይ ካልተለጠፈ ወረቀት አንሰቅልም" ስላሉ፣ እንድትለጥፍለት ለእህቱ የሰጣት ራሱ ነው። "ከኔ ሥራ ጎን በስምህ ይሰቀላል" ብላው ነበር። በስሙ ሲሰቀልለት የመጀመሪያው ነው።

"እጅሽ ይባረክ እትዬ! አንድም ቦታ አልተኮማተረም።"

"ከመሃል ወደ ዳር ነዋ የሚገፋው። ስንቴ አሳየሁህ፤ አንተ ግን ችኩል ነህ" አለች ቀና ሳትል። በዳሩ ዙሪያ እየቀደደች የለጠፈችው ስስ ወረቀት ሥዕሉን ከሸራው ጋር አዋህዶታል፤ የቱ ጋ እንደሚያልቅ አይለይም።

ባሏ ሳቅ አለ። "ነገ ሰዉ ጉድ ነው የሚለው! 'እሷ ደግሞ መቼ ውሃ ቀለም ጀመረች?' ሳይሉ አይቀሩም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ሙጫህን አማስል!"

ጠብታ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ። በሌላው ዳር ስስ ወረቀቱ ከጣት አይሰፋም፤ ታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ ግን መዳፍ የሚያህል ተነባብሯል። እሱ የፈረመው እዚያ ነበር። አሁን በላዩ የእህቱ ፊርማ በጥቁር ቀለም ተጽፎበታል።

"ስሜስ?"

"ከሥር አለ። ማንም አልፋቀውም።"

"እትዬ!"

"ስማኝ የኔ ጌታ፤ የጋበዙት እኔን ነው። ያንተን ስም ማን ያውቀዋል? መጀመሪያ በኔ ስም ይታይ፤ በኋላ እንነግራቸዋለን።"

"መቼ?"

"አንተ ደግሞ! ያሳደግኩህ እኔ አይደለሁም? ባዳ የወሰደብህ አስመሰልከው።"

"ባዳ ቢሆን መች እሰጠው ነበር።" ድምፁ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነው። "አንድ ቀን እንኳ እዚያ መስኮት ጋ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?"

ባልየው፣ ባልዲው ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ "ውሃ ላምጣ" ብሎ ሹልክ አለ።

ሙጫው ገና አልደረቀም። ጠብታ የስስ ወረቀቱን ጫፍ በጥፍሩ ይዞ ሳበው።

"ተው! ሥዕሉን ይዞት ይነሣል!"

ይዞት ተነሣ። ከፊቱ የእህትየውን ፊርማ፣ ከጀርባው የጠብታን ስም አንድ ላይ ልጦ መጣ። ጥጉ ላይ የተሸረከተ ነጭ ወረቀት ቀረ።

የእህቱ ፊት አመድ መሰለ። ተቻኩላ ሌላ ስስ ወረቀት አነሣች።

"ቆይ፣ ልሸፍንልህ። በላዩ ያንተን ስም ጻፍበት። ይኸው ብሩሹ፣ እንካ።"

ጠብታ እጁን አልዘረጋም።

"አትንኪው። እንዲሁ ይሰቀል።"

"ተቀዶ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ይጠይቁሽ።"

በማግስቱ ሥዕሉ ጥጉ እንደተቀደደ፣ የማንም ስም ሳይኖርበት ተሰቀለ።