ያልታጠበው መንጋጋ

ኪዳኑ መብሻውን ፑንታ የሚነክሰውን የድሪል አፍ ከማሽኑ አውርዶ ብረት ማሰሪያው ሞርሳ ላይ አስሮታል። የመፍቻ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ ተንጠለጠለበት። ወይ ፍንክች!

"ኧረ ተው፣ ክንድህን ትሰብራለህ!" አለው አወቀ። አወቀ የጎረቤት ወፍጮ ቤት ባለቤት ነው፤ አራት ቦታ የሚበሳለት የወፍጮ ብረት ይዞ ከጠዋት ጀምሮ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

"ያቺ ሴትዮ ናት በመዶሻ ቀጥቅጣ እንዲህ ያደረገችው" አለ ኪዳኑ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

የሴትዮዋ ስም ሸጋ ነው። ቆሰበር ከተማ በሚገኘው የኪዳኑ ብረታ ብረት ቤት ስድስት ዓመት በር ስትበይድ፣ መስኮት ስትገጥም ኖራለች። ከአስራ አንድ ቀን በፊት የድሪሉ አፍ አልዞርም ሲል፣ ኪዳኑ በደንበኛውም በመንገደኛውም ፊት ጮኸባት።

"ያንቺ እጅ ሊጥ እንጅ ብረት አያውቅም! ማሽኔን ገደልሽው፤ ውጭልኝ!"

"ጋሼ፣ መዶሻ አላሳረፍኩበትም። ይፍቱትና ይዩት" አለች። ሽርጧን አውልቃ፣ አጥፋ፣ መስኮቱ ሥር አስቀምጣ ሄደች። ወሬው ግን ቀድሟት ከተማውን ዞረና ማሽን የምታበላሽ ተባለች፤ የሚቀጥራት ጠፋ። ይኸው አሁን መናኸሪያው በር ላይ ቅቅል ድንች ትሸጣለች።

ኪዳኑ ደግሞ "ይፍቱትና ይዩት" ያለችውን እስከ ዛሬ አልፈታውም። ዛሬም ቢሆን አወቀ ባያጣድፈው አይነካውም ነበር።

በእንጨት ደግፎ ቀስ እያለ ሲመታው የውጭው ቀፎ ወለቀ። ጎንበስ ብሎ አየ። የተሰበረ ነገር የለም። የመዶሻ ምልክትም የለም። ፑንታውን የሚይዙት ሦስቱ መንጋጋዎች በቢጫ ሙጫ ተለስነው፣ ከብረት ብናኝ ጋር ተጋግረው ተጣብቀዋል። አንዱን በነጭ ጋዝ ነክሮ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተገው፤ እንደ አዲስ አበራ። ሁለተኛውንም አጠበ። ሦስተኛውን አንስቶ ሙጫውን በጥፍሩ ሲጭር ግን እጁ ቆመ። ይህን ሙጫ ያውቀዋል። ቤቱ፣ የዘይት ጄሪካኑ አፍ ላይ የሚጋገረው እሱው ነው።

የኑግ ዘይት።

ባለፈው ክረምት መንገድ ተዘግቶ የማሽን ዘይት ጠፋ። ዝናቡም ያገኘውን ብረት ሁሉ ያዝግ ነበር። ያኔ ከሚስቱ ከእታለማሁ ጓዳ የኑግ ዘይት በጣሳ አምጥቶ ድሪሉን ያጠጣው ማን ሆነና! ሸጋ እንኳ "ጋሼ፣ ይሄ ሲከርም ሙጫ አይሆንም?" ብላው ነበር። "ሥራሽን ሥሪ!" ነበር መልሱ።

ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"ምን አገኘህ? ቀጥቅጣዋለች አይደል?" አለ አወቀ።

አዎ ቢል አበቃ። መንጋጋዎቹ ታጥበው ከተገጠሙ ማንም ምንም አያውቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ኪዳኑ አዎ ሊል አፉን ከፈተ። ዓይኑ መስኮቱ ሥር የታጠፈው ሽርጥ ላይ አረፈ።

"እኔ ነኝ" አለ።

"አንተ ምን?"

"ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የኑግ ዘይት አጠጥቼው ነው። እሷማ ነግራኝ ነበር። አፈርኩ፣ አወቀ። በጣም አፈርኩ።"

አወቀም "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለ። ወዲያው ድምፁን አለሰለሰ። "በል እንጅ፣ ይሄንንም እጠበውና ግጠመው። ብረቴን ብሳልኝ። ማታ ቤቷ ጎራ ብለህ ይቅርታ ትጠይቃታለህ።"

ኪዳኑ ብሩሹን አነሳ። መልሶ አስቀመጠው። ያልታጠበውን መንጋጋ ከነሙጫው በጋዜጣ ጠቀለለና ኪሱ ከተተ። ሽርጡን አንስቶ አቧራውን አራገፈ።

"ብረትህን እሷ ትበሳልሃለች" አለ፣ "ይቅር ካለችኝ።"

"አሁን ልትሄድ? ኧረ ሰውዬ፣ ዛሬ እኮ ገበያ ነው! መናኸሪያው በሕዝብ ተጥለቅልቋል፤ ምን አዋረደህ?"

"ስሰድባትም ሕዝብ ነበር" አለና ሽርጡን በብብቱ ይዞ ወጣ።