ሊያስፈርሙት የመጡ መስሏቸው

ሐሙስ ዕለት የመስኮታችንን መስታወት በድንጋይ አረገፉት። አርብ አጥራችን ላይ በቀይ ቀለም "ከሃዲ" ብለው ጻፉበት። ቅዳሜ ደግሞ የሞተ አይጥ በፌስታል አድርገው በራችን ላይ አንጠለጠሉልን። እኔ ነኝ ያወረድኩት፣ በመጥረጊያ እንጨት፣ እየጮህኩ።

ሁሉም ነገር በወንድሜ በኪሩ ምክንያት ነው። ኪሩ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ለጉለሌ ጮራ በግራ ክንፍ ይጫወታል። እሱ ስም ካወጣ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ማንም ሲና ብሎ አይጠራኝም፣ "የኪሩ እህት" ነኝ በቃ። አምና ጮራ ሊወርድ ሲል በመጨረሻዋ ጨዋታ በግራ እግሩ አክርሮ አገባና አተረፋቸው። ያን ቀን ከሽሮ ሜዳ እስከ ቤታችን በትከሻ ተሸክመውት ነው የመጡት። እኔንም ሊሸከሙኝ ነበር፣ ቀሚስ ለብሼ ስለነበር ነው የቀረብኝ።

ዘንድሮ ኪሩ "ውሌ አልቋል፣ ሌላ ክለብ እሄዳለሁ" አለ። ጮራዎች ደግሞ "ገና አንድ ዓመት ይቀርሃል፣ የትም አትሄድም" አሉ። ጉዳዩ ገና አልተወሰነም። እኛ ውሳኔ ስንጠብቅ የደጋፊዎቹ ቴሌግራም ግን ወሰነ። "የሌላ ማልያ ከለበሰ በዊልቸር ይልበሳት!" ብሎ የጻፈ ሰው አለ፣ ስሩ ያለው የሳቅ ብዛት! ሌላው ሁሉ የሚያወራው ስለ እግሩ ነው። እግሩን ነው፣ እግሩን። እማዬ ይሄን ስትሰማ ኪሩን ጓዳ አስገብታ ቆለፈችበት።

"እማዬ፣ እኔ በግ ነኝ እንዴ?" ይላል ከውስጥ።

"በግ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። በግ አይፈርምም።"

የደጋፊዎቹ አለቃ ባጫ ነው። ከቤታችን ዝቅ ብላ ያለችው ጎሚስታ የሱ ናት፣ ስታዲየም ከበሮ የሚመታውም እሱ ነው። ኪሩን ልጅ እያለ በጠዋት ቀስቅሶ እንጦጦን ሽቅብ ያስሮጠው የነበረው ማን መሰላችሁ? ባጫ። የመጀመሪያ ታኬታውን የገዛለትም ባጫ። አሁን በራችን ጋ ሲደርስ እንትፍ ብሎ ያልፋል።

ታዲያ በዚህ ሁሉ መሀል እሁድ ለታላቅ እህታችን ለሩታ ሽማግሌ ሊመጣላት ነው! የምትወደው ልጅ ዮናስ ይባላል፣ ቤተሰቦቹ ደሴ ናቸው። ሽማግሌ ደግሞ እሺ እስኪባል ድረስ ለሰው አይወራም፣ እምቢ ከተባለ ሼም ነዋ። እማዬ "ይሄ ወሬ ከዚህ በር የወጣ እንደሆነ!" ብላ አስምላናለች።

ቅዳሜ ማታ እማዬ ለስላሳ በሳጥን አስይዛኝ ስንመጣ ባጫ ጎሚስታው በር ላይ አየን።

"እማማ ወለተማርያም፣ ድግስ አለ እንዴ?"

"እንግዳ አለብኝ።"

"ከየት?"

"ከክፍለ ሀገር ነው" አለችው። ውሸት አትችልበትም፣ እውነቱንም መናገር አትችልም። ኪሩን የሚፈልገው ክለብም የክፍለ ሀገር ነው። በቃ፣ እቤት ሳንገባ ቴሌግራሙ ተቀወጠ። "ነገ ሊያስፈርሙት እቤቱ ይመጣሉ! ማንም እንዳይቀር!" እኛ ደግሞ በዚያ ሳምንት ስድቡ ሲበዛብን ሁላችንም ከግሩፑ ወጥተናል፣ ምንም አላየንም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የክፍለ ሀገር ታርጋ ያላት ነጭ መኪና በራችን ላይ ቆመች። ሦስት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ወረዱ። ትልቁ ጋሽ መሸሻ ይባላሉ፣ ሽበታቸው እንደ ጥጥ ነው።

እማዬ "ይግቡ፣ ይቀመጡ" ብትል "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉና ግቢው ውስጥ ቆሙ። ወጉ ነው፣ ይታወቃል። ሩታ ኩሽና ውስጥ እኔን በጥፍሯ ቧጥጣ ጨርሳኛለች።

ጋሽ መሸሻ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ከበሮው ተሰማ።

ከታች ነው የመጡት፣ ወይን ጠጁ የጮራ ማልያ መንገዱን ሞልቶት። መጀመሪያ መኪናዋ ላይ ነው የወረዱባት። የፊት መስታወቷን በኮብልስቶን አደቀቁት፣ ሾፌሩን ከውስጥ በአንገቱ ጎትተው አወጡትና አስፋልት ላይ ጣሉት፣ አንዱ ይረግጠዋል፣ ሌላው ቪዲዮ ይቀርጻል። ከዚያ የግቢያችን ቆርቆሮ በር ከነማጠፊያው ወደቀ።

"ደላላ! ደላላ!"

"ልጆቼ፣ ስለ ወላዲተ አምላክ፣ ምን አጠፋን?" አሉ ጋሽ መሸሻ።

"ልጃችንን ልትወስዱት ነው አይደል?" አለ አንዱ፣ በቦክስ አፋቸውን አላቸው። ጥርሳቸው ነጭ ጋቢያቸው ላይ ወደቀ፣ ደሙ ተከተለው። ሁለተኛውን ሽማግሌ በጋቢያቸው አንቀው መሬት ለመሬት ጎተቷቸው። ሦስተኛው ሽንት ቤት ሮጠው ገቡ፣ በሩን በድንጋይ ይደበድቡታል።

ሩታ ከኩሽና በረረች። "የኔ ሽማግሌዎች ናቸው! የኔ! ላገባ ነው! ላገባ ነው እኮ!"

"አንቺንም ገዙሽ?" አላትና አንዱ በጥፊ ሲመታት ግድግዳው ጋ ደረሰች። እኔ ጀርባው ላይ ወጥቼ ጆሮውን ነከስኩት። ደሙን ቀምሼዋለሁ። ሲወረውረኝ ክርኔ ተገሸለጠ። እማዬ "ኡኡ" እያለች ደረቷን ትመታለች።

ያኔ የጓዳው በር ተሰበረ። ኪሩ ነው፣ በቁምጣ፣ ባዶ እግሩን።

"ተዉአቸው! የምትፈልጉት እኔን አይደል? ይኸው!"

ጩኸት ውስጥ ማን ይሰማል? ጋሽ መሸሻ መሬት ላይ ወድቀው ጭንቅላታቸውን በእጃቸው ሸፍነዋል። ባጫ ከላያቸው ቆሞ የጎማ መፍቻ ብረቱን አንስቷል፣ ያንን ረጅሙን፣ የሲኖ ጎማ የሚፈታበትን። ኪሩ ሮጦ ሽማግሌው ላይ ተጋደመ። ብረቱ ደግሞ ወርዷል፣ አይመለስም።

ደረቅ ባህር ዛፍ ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ ታውቃላችሁ? እሱ ነው። የግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሌላ ጉልበት ያወጣ መሰለ። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል።

ከበሮው ቆመ። ኪሩ አልጮኸም፣ እግሩን ያየዋል፣ የሰው ይመስል።

"ኪርዬ?" አለ ባጫ።

ሩታ ከግድግዳው ስር እንደተቀመጠች፣ በቀስታ፣ "እኔን ሊጠይቁ ነው የመጡት" አለች። አሁን ሁሉም ሰማት።

እነዚያው ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመው ሆስፒታል ወሰዱት። በየመንገዱ "ቀስ! ቀስ!" ይባባላሉ፣ አንዱ ያለቅሳል። እማዬ ከኋላ እየሮጠች ጀርባቸውን በጫማዋ ትመታለች፣ ማንም አልዞረም።

ኪሩ ወደ ቀዶ ጥገና ሲገባ እጄን ያዘኝ። "ሲና፣ እግሬ አለ?"

"አለ።"

"ታዲያ ለምን አይሰማኝም?"

ተከትዬው እንዳልገባ በሩን ዘጉብኝ።

ዶክተሯ "ይራመዳል" አለች። እማዬ "ኳሱስ?" ስትላት ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች። ጋሽ መሸሻ ከንፈራቸው ተሰፍቶ፣ "እኛ ልጅቷን እስካሁን አልጠየቅንም እኮ" አሉ። ሩታ ሳቀችና ወዲያው አስመለሳት።

ከዚያ ነርሷ መጥታ ብዙ ደም ፈስሶታል፣ ደም የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል አለች። ኮሪደሩ በአንዴ ወይን ጠጅ ማልያ ሆነ፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ተሰለፉ። ባጫም አለ፣ ከፊት።

"ሲና፣ በእናቴ ስም እሱን አልነበረም…"

"ማንን ነበር? ሽማግሌውን?"

በጥፊ አልኩት። እጁን እንኳን አላነሳም።

"ድገሚ" አለኝ እያለቀሰ።

ደገምኩት። አፍንጫው ደማ። የሚበቃኝ መስሎት ነበር መሰለኝ፣ እንደገና እጁን ለነርሷ ዘረጋላት። በማልያው ጎትቼ ከሰልፉ አወጣሁት፣ ማልያው እጄ ላይ ተቀደደ።

"የሌላው ሁሉ ይግባ" አልኳት ነርሷን፣ "የዚህ ሰውዬ ግን አንድ ጠብታ ወንድሜ ውስጥ እንዳትገባ።"